ክረምትና በጋ በመተማ ቆላ፤ የአራዊት መንገድ

ፍጥረት ሁሉ ክፉ ወራት አለበት። ሰው ለክፉ ወራት እህሉን በጎተራ ያኖራል፤ አውሬ ግን ጎተራ ስለሌለው በሌላ ዘዴ ያልፈዋል። በብርድ አገር የሚኖረው ድብ በረዶ ከመውደቁ አስቀድሞ አብዝቶ በልቶ በሰውነቱ ስብ ያከማቻል፤ ከዚያም ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ይተኛል። ብርዱ በሚጸናበት ስፍራ ከ5 እስከ 7 ወር ሳይበላና ሳይጠጣ ይቆያል፤ የልቡ ምት እጅግ ይዘገያል፤ እንስቲቱም ልጆቿን በዚያው በጉድጓዱ ውስጥ ትወልዳለች።

ድብ በኢትዮጵያ የለም። በአፍሪካም ከአትላስ ተራሮች በቀር አልታወቀም፤ ከዚያም በ19ኛው መቶ ዓመት ጠፍቷል። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ስሙን የሚያውቁት ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን ከሚናገረው ከመጽሐፈ ሳሙኤል ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንበሳው ግን በመተማና በቋራ ቆላ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

በዚያ አገር ክፉው ወራት ብርድ ሳይሆን ድርቀት ነው። የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፤ ወንዞቹ መፍሰሳቸውን ይተዋሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከስፍራው መነቃነቅ የማይችለው የእጣን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ እንደ ድቡ ያንቀላፋል። እግር ያለው አውሬ ግን ተነሥቶ ይሄዳል።

የአይማ ወንዝ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ ሱዳን ሲገባ ዲንደር ይባላል። በበጋ ፈሳሹ ሲቋረጥ፣ በሱዳን ሜዳ ላይ ማያ የሚባሉት ኩሬዎች ውሃና ለምለም ሣር ይዘው ይቀራሉ፤ ጎሹም አጋዘኑም ከርከሮውም ወደዚያ ይሰበሰባሉ፤ አንበሳው ይከተላቸዋል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። የዋልካው መሬት ውሃ ጠጥቶ ይጨቀያል፤ አራዊቱም ከፍ ወዳለው ደረቅ መሬት ይበተናሉ፤ ከእነርሱም ወደ ኢትዮጵያ ወገን የሚወጡ አሉ።

ሱዳን ዲንደርን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ከለለች፤ ስፋቱም ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በኢትዮጵያ ወገን በቋራ የሚገኘውና ከእርሱ ጋራ የሚዋሰነው አልጣሽ በ1998 ዓ.ም. ተከለለ፤ ስፋቱም 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአልጣሽ አንበሳ መኖሩን በፎቶግራፍና በኮቴ አረጋገጡ፤ የሁለቱንም ስፍራ አንበሶች በአንድነት ከ100 እስከ 200 ገመቱ።

መተማ ዮሐንስ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት ከተማ ናት። ስለዚህ ወሰን ምን ያህል ደም እንደ ፈሰሰበት ለዚያ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። አራዊቱ ግን ይህን ወሰን አያውቁትም፤ ለእነርሱ የበጋው ውሃና የክረምቱ ደረቅ መሬት የአንድ ቤት ሁለት ክፍሎች ናቸው።

ይህ ቤት አሁን በመካከሉ እየተዘጋ ነው። በሱዳን በራሃድ ወንዝ ዙሪያ የተስፋፋው የመኪና እርሻ የክረምቱን መሬት ቀንሶታል፤ በኢትዮጵያ ወገንም የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻ፣ የከብት መንጋና በየበጋው የሚለቀቀው እሳት ዱሩን ያጠቡታል። በዚህ ላይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል አስገብቷል፤ በዚያው ዓመት ደግሞ በአማራ ክልል ሰላም ታወከ። ሰው ራሱ መጠጊያ ሲያጣ የአውሬን መጠጊያ መጠበቅ ይከብዳል።

ቢሆንም ገበሬው ሰሊጡን አይዝራ የሚል የለም፤ ኑሮው ነውና። የሚያስፈልገው መሬት ሲመራ የወንዙን ዳርና የአራዊቱን መተላለፊያ ለይቶ መተው፣ የሁለቱም አገር ጠባቂዎች ሰላም በፈቀደ መጠን እንዲመካከሩ ማድረግ ነው። ቃላቸው በሕዝብ ዘንድ የሚሰማ ካህናትም በበጋ እሳት እንዳይለቀቅ ቢመክሩ ከብዙ ዘበኛ ይልቅ ይጠቅማሉ።

ድብ የተኛበትን ጉድጓድ በድንጋይ የሚደፍን ሰው ድቡን እንደ ገደለ ይቈጠራል። የአልጣሽ አንበሳ ጉድጓዱ መንገዱ ነው። መንገዱን ያረሰ ሰው ጥይት ባይተኩስም ያንኑ ሥራ ሠርቷል።