የወንዝ ልጅ ከማን ጋር ይኑር?

«ጠፍጣፋዎቹ የሎች ዓሦቼ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ከሱብኝ፤ ገንዳውን ግን በየሳምንቱ ፈትጌ አጥባለሁ» ይላል አንድ አንባቢያችን።

ወንድሜ፣ ጉዱ እሱ ላይ ነው! አንተ እድፍ ያልከው፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ዋና ምግባቸው ነው። ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ሳፋ ውስጥ ነክረህ ፀሐይ ላይ አስቀምጥ፤ አረንጓዴ ሲለብስ እያፈራረቅህ አስገባላቸው። እስከዚያው ቀቀል ያለ ዝኩኒ ስጣቸው። ደግሞም የቬትናም ፈጣን ጅረት ልጆች ናቸውና የተኛ ውሃ አይስማማቸውም። ጠንካራ ፓምፕ ግዛ፤ ሙቀቱ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይበቃል።

ጓደኛስ? ዜብራ ዳኒዮ ስድስት ሰባት ሆኖ ቢገባ ግሩም ነው፤ ወራጅ ውሃ ይወዳል። ሲክሊድማ ጠበኛ ነው፣ ይቅርብህ። ጎልድፊሽም «ቀዝቃዛ ውሃ ይችላል» ተብለህ እንዳትሸወድ፤ ሆዳም ስለሆነ የእነሱን ድርሻ ጠራርጎ ይበላል። ክዳኑንም አትርሳ፤ እነዚህ ጉዶች እርጥብ መስታወት ይወጣሉ።