እጣን በዛፉ ውስጥ የት ይኖራል?

በድሬዳዋ፣ በታይዋን ሰፈር ቡና በሚፈላበት ቤት እጣን ፍም ላይ ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። ለመሆኑ ይህ መዓዛማ ጠጠር ዛፉ ውስጥ ሳለ የት ነበር? ብዙዎች እንደሚገምቱት ከእንጨቱ ልብ የሚወጣ አይደለም፤ በአመዛኙ የሚመነጨውም የሚከማቸውም በሕያው ቅርፊት ውስጥ ነው።

የኦጋዴን እጣን ከቦስዌሊያ ሪቫይ ይገኛል። የውስጥ አካሉ በዝርዝር የተጠናው ግን በመተማ፣ በሑመራና በአበርገሌ የሚበቅለው ዘመዱ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። በእንጨትና በቅርፊት መካከል የሚገኘው ካምቢየም አዳዲስ ሕዋሳትን ያፈራል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ሲላቀቁ በመካከላቸው ቀጭን ቦይ ይከፈታል፤ ቦዩን የከበቡት ሕዋሳትም ሙጫውን ያመነጫሉ።

ሞቱማ ቶለራና ባልደረቦቻቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቦዮቹ ሽቅብና ወደ ጎን ተዘርግተው እርስ በርስ የተያያዘ መረብ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ነገር ግን ጤናማው መረብ የሚገኘው በአማካይ በውስጠኛው ቅርፊት የመጨረሻ 6.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ወደ ውጭ በራቅን ቁጥር ግድግዳቸው እንደ እንጨት የጠነከረ ቦዮች ይበዛሉ።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። በፗዜይ ሕግ መሠረት፣ በቀጭን ቧንቧ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ሬዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ፍሰቱ ወደ 1/16 ይወርዳል። ሙጫው አየር ሲያገኝ ተናኝ ዘይቱ እየተነነ ይደርቅና ቁስሉን ይደፍናል፤ ዛፉ የሚከላከለው በዚህ ነው። እጣን ለቃሚዎች ያንኑ ቁስል በበጋው ወራት ደጋግመው የሚከፍቱትም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው የሚሊሜትር ጉዳይ ነው። ላይ ላዩን የተፋቀ ቅርፊት ጤናማውን መረብ አያገኝም። ከመጠን በላይ የጠለቀ ደግሞ ካምቢየሙን ይጎዳል፤ ካምቢየም ከሌለ አዲስ ቦይ የለም። ቁስሉም ለነፍሳት በር ይከፍታል።

አደጋው እውነተኛ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት የዚህ ዛፍ ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ለአሥርተ ዓመታት ተተኪ ችግኝ እንዳልታየ ገልጾ፣ የእጣን ምርት በሃያ ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። ችግኙን ከልቅ ግጦሽና ከሰደድ እሳት መጠበቅ ግድ ነው። ነገር ግን ቆመው ያሉት ዛፎች ዕድሜ በመፋቂያው ጥልቀት ላይም የሚወሰን በመሆኑ፣ የቅርፊትን ውፍረት የሚለካና የቦዮቹን ሥርጭት የሚያውቅ ወጣት ተመራማሪ ለለቃሚው ሁነኛ አጋር ይሆናል።