አራት ጊጋ ተኩል የት ገባ?

ዛሬ የማወጋችሁ በ2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የገጠመኝን ነው። ጉዳዩ የላፕቶፕ ነው፤ ግን በእሱ ሰበብ አንድን ሰው «ሌባ» ብያለሁና ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

የእህቴ ልጅ ያኔ ፖሊ ግቢ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። አባቷ ፎገራ ላይ ሩዝ ያመርታል፤ የዚያን ዓመት ምርት ሸጦ ነው ላፕቶፕ የገዛላት። ያገለገለ አይደለም፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ። ላዩ ላይ 8 ጊጋባይት ራም ይላል። የመመረቂያ ሥራዋ እምቦጭ ነው፤ አረሙ የጣናን ዳርቻ የቱን ያህል እንደሸፈነ ከሳተላይት ምስል መለካት። የአባቷ ማሳ ከሐይቁ የማይርቅ ነውና ነገሩ ለእሷ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ምስሉን ስትከፍት ላፕቶፑ ድርቅ ይላል። ሴንቲኔል 2 ከተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የሚገኘው አንዱ ቁራጭ ምስል 110 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ይሸፍናል። በ10 ሜትር ጥራት ሲታይ በአንዱ የቀለም ሽፋን ብቻ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ሲይዝ 240 ሜጋባይት ገደማ መጣ ማለት ነው። አራት ሽፋን ደርባችሁ ከከፈታችሁ ስሌቱ ሳይጀመር ወደ አንድ ጊጋ ተጠጋችሁ። ዊንዶውሱ፣ ብራውዘሩ፣ ጸረ ቫይረሱም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ።

የሲስተሙን ገጽ ብታየው «የተገጠመ ራም 8.00 ጊጋባይት፣ ጥቅም ላይ የሚውል 3.41» ይላል። ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አራት ጊጋ ተኩል የት ገባ?»

እኔ መልሱን ወዲያው አገኘሁት፤ ነጋዴው ግማሹን አውጥቶ ሸጦታል! ባጃጅ ይዤ ሱቁ ሄድኩና ሰው በተሰበሰበበት ያልኩትን አልኩት። ሰውየው አልጮኸም። «ወንድሜ፣ ካርቶኑን እኮ የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ግን ንዴት ላይ ያለ ሰው እውነት አይሰማም።

ከዚያ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድነው። ክዳኑን ሳይከፍት «ራሙ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዙ» አለ። ልጅቱ ብር ልትበደር ስትል ጓደኞቿ ወደ ሌላ ባለሙያ መሯት፤ ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ቻርጀሩን ነቀለ፣ ከፈተው፣ ባትሪውን አላቀቀ። ውስጡ አንድ ራም ብቻ አለ፤ ላዩ ላይ 8 ጊጋባይት ይላል። «ያለው አንድ ነው፤ ይህ ቢቃጠል ላፕቶፑ አይነሣም ነበር» አለ። መልሶ ገጥሞ ባዮስ ውስጥ ገባ፤ እዚያም ስምንቱ ሙሉ ነው። ዕቃው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ቀና ብሎ «ዊንዶውሱን ማነው የጫነው?» አለ።

እኔ ነኝ።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ ሳይኖረው ነበር የመጣው። እኔ ደግሞ ለአሮጌው ዴስክቶፔ የምጠቀምበት የዊንዶውስ 10 ፍላሽ ነበረኝ። «ለምን ትከፍያለሽ?» ብዬ በገዛ እጄ ጫንኩላት። ፍላሹ ላይ ያለው የ32 ቢት ነበር። ዴስክቶፔ ሁለት ጊጋ ብቻ ስለነበረው ልዩነቱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖስታ ቤት ያሉትን የፖስታ ሣጥኖች አስቡ። ሣጥኑ ቁጥር ከሌለው ደብዳቤ አይገባበትም። የ32 ቢት ቁጥር ሊሰጥ የሚችለው 4,294,967,296 አድራሻ ነው፤ ለአንድ አድራሻ አንድ ባይት፣ ድምሩ 4 ጊጋባይት። የ32 ቢቱ የዊንዶውስ 10 ጣሪያም ይኸው ነው። ከዚህ ላይ ለስክሪን ካርዱና ለመሰል ዕቃዎች የሚያዙ ቁጥሮች ይቀነሳሉ፤ የሚተርፈው ሦስት ጊጋ ከምናምን ነው። የቀረው ራም እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ግን ቁጥር የለውም።

ዛሬ ይህ ችግር ቀንሷል፤ ዊንዶውስ 11 በ32 ቢት አልወጣም። ግን የድሮ ፍላሽ በየመሳቢያችን አለ።

ሽማግሌው ባለሙያ ሌሎች መንስኤዎችንም ነግሮናል። ራሙ ሁለት ሆኖ ግማሹ ብቻ ከታየ አንዱ ላልቶ ወይም እግሩ ቆሽሾ ይሆናል፤ አውጥቶ የመዳቡን ጫፍ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ቀጭ እስኪል መልሶ መግጠም። ካልሆነ አንድ በአንድ እያፈራረቁ መሞከር ነው፤ ያኔ ጥፋቱ የራሙ ይሁን የቀዳዳው ይለያል። አዲስ ራም ጨምራችሁ ካልታየ ደግሞ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ልክ አልፎ ይሆናል። ከ8 ጊጋው 6 ገደማ ብቻ ከታያችሁ፣ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ስክሪን ካርድ ከዋናው ራም ቆርሶ ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ባዮስ ውስጥ ይታያል። አንድ አስቂኝም አለ፤ «ኮምፒውተር ፈጣን የሚያደርግ ዘዴ» እየተባለ በሚዞረው ምክር ኤምኤስኮንፊግ ገብተው «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚለው ላይ ምልክት የሚያደርጉ አሉ። ያ ገደብ ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም፤ ምልክቱን አንሥቶ ላፕቶፑን ሪስታርት ማድረግ ነው።

ራም የሚቀይር ነጋዴ የለም አላልኩም። ለዚህ ነው ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ስትገዙ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ የምላችሁ። «ፐርፎርማንስ» ቀጥሎ «ሜሞሪ» ስትሉ መጠኑ፣ ፍጥነቱና ስንት ቀዳዳ እንደተያዘ ይታያል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እንደ እኔ ተሳድቦ ከመመለስ ይሻላል።

ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት በላዩ ላይ መቀየር አይቻልም፤ ፎርማት ማድረግ ግድ ነው። ልጅቱ ሥራዋን በሙሉ መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጠች። አራት ጊጋ የሚያልፈውን ፋይል ኔትወርኩ በሚሻልበት ሌሊት ግቢ ውስጥ አወረደች፤ መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ እንደገና ጀመረችው።

በበነጋው ሱቁ ሄድን። ነጋዴው ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ ተቀየረ። ያጠፋሁትን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ያኔ የነበሩት ደንበኞቼ ግን ዛሬ የሉም» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ቡና አዘዘልን፤ እኔ ግን አልወረደልኝም።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ዘንባባ ሥር ተቀመጥን። አንድ ታንኳ ደንገሉ ግማሽ ውኃ ጠጥቶ ቀስ እያለ ይቀዝፋል። ላፕቶፑን ከፈተች። የሳተላይቱ ምስል ሙሉውን መጣ፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ያለው አረንጓዴ የአባቷ አገር ድረስ ይታያል። የሲስተሙን ገጽ አሳየችኝ፤ 8.00 የተገጠመ፣ 7.88 ጥቅም ላይ የሚውል።

«ጋሼ፣ የቀረችው ነጥብ አሥራ ሁለትስ የት ገባች?»

«ስክሪን ካርዱ ጋ ናት» አልኳት። በእሷ ጉዳይ ወደ ሱቁ አልተመለስንም።