ስለ ኤጀንሲ ገጽ ጠባቂ አቀጣጠር

ወደ ዐረብ አገር ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ያላቸው አንዲት ወዳጃችን ወይዘሮ ባለፈው ክረምት ወደ ቤታችን መጥተው፥ «የፌስቡክና የቴሌግራም ገጻችንን የሚይዝ ሰው ልቀጥር ነውና የቅጥሩን ውል ይጻፉልኝ» ሲሉ ለመኑን። እኛም በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንኖር ስለ ሆንን ነገሩ ያንድ ሰዓት ሥራ መስሎን ብዕራችንን አነሣን። ነገር ግን የሚቀጠረው ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፥ «መለጠፍ ነዋ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አላገኘንም። ስለዚህ ብዕሩን መልሰን አስቀመጥንና እስኪመሽ ድረስ ተነጋገርን። ልጁን ወደ ውጭ አገር ለመስደድ የሚያስብ ቤተ ሰብ ሁሉ ይኸን ነገር ቢያውቀው ይጠቅመዋልና ከዚህ በታች ጽፈነዋል።

ቀድሞ ደላላው በገበያና በቤተ ዘመድ መካከል እየዞረ ልጅ ያግባባ ነበር። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድን አግዶ በ2010 ዓ.ም. በሕግ መንገድ እንደ ገና ሲፈቅድ ግን፥ የእጅ ስልክ በየገጠሩ ገብቶ ስለ ነበረ ብዙው ወሬ በገጽ ላይ ሆነ። አንዲት ልጅ በወሎ ወይም በጅማ ገጠር ተቀምጣ «በአስቸኳይ፥ ቪዛ ዝግጁ ነው» የሚል ቃል ታያለች፤ ለአባትዋም ታነብለታለች፤ አባትም በሬውን ለመሸጥ ያስባል። እንግዲህ በገጹ ላይ የሚጽፈው ሰው ማስታወቂያ ለጣፊ ብቻ አይደለም፤ በማያውቀው ሰው ጓዳ ገብቶ የሚመክር ነው።

ወይዘሮዋ አስቀድመው ሦስት ሰዎች መርጠው ነበር። እኛም ለሦስቱ አንድ ዓይነት ፈተና እንዲሰጧቸው መከርናቸው፤ ይኸውም አንድ ማስታወቂያ እንዲጽፉና ለአንድ መልእክት መልስ እንዲሰጡ ነው። መልእክቱም፥ «እኅቴ ወደ ሪያድ ከሄደች አራት ወር ሆናት፤ ስልኳን ካነሣች ሃያ ቀን አለፈ፤ እባካችሁ ምን ላድርግ?» የሚል ነበር።

ፊተኛው ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው ቀልደኛ ወጣት ነው። ወይዘሮዋ በተከታዩ ብዛት እጅግ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ተከታይ በገንዘብ እንደሚገዛ አልሰሙም ኖሯል። በማስታወቂያው ላይ «ድርጅታችን ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት በነጻ ይሰጣል» ብሎ በትልቅ ፊደል ጻፈ። ነገር ግን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዓዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፥ የደርሶ መልስ ጉዞውን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፥ የመድኑንም ወጪ በአሠሪው ላይ አድርጎታል፤ ለሠራተኛው የሚቀረው እንደ ፓስፖርት፥ እንደ ሕክምና ምርመራና እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያለው ነው። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 ደግሞ፥ በተለይ ካልተፈቀደ በቀር፥ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። እንግዲህ የልጂቱን መብት እንደ ችሮታ አድርጎ መጻፍ ውሸት ባይባል እንኳ ለውሸት ጎረቤት ነው፤ ነገ ሌላ ደላላ የቪዛ ገንዘብ ቢጠይቃት መብትዋ መሆኑን አታውቅምና። ስለ መልእክቱ ቢጠየቅ፥ «እንዲህ ያለውን ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ገጽ ያበላሻል» አለ።

ሁለተኛው ዲግሪ ያለው፥ አማርኛውም ያማረ ነው፤ ነገር ግን «የኛ ኃላፊነት በአውሮፕላን ማረፊያ አብቅቷል» ብሎ መለሰ። ሕጉ እንዲህ አይልም። የሠራተኛዋ ውል ሲጣስ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነው።

ሦስተኛዪቱ ከቤይሩት የተመለሰች፥ ኮምፒዩተርን በማታ ትምህርት የተማረች ሴት ናት። መልስዋም፥ «ወንድሜ፥ መልእክትህን አይቻለሁ። የእኅትህን የፓስፖርት ቁጥር ሰው በሚያየው ቦታ አትጻፍ፤ በውስጥ መሥመር ላክልኝ፤ ዛሬ ማታ የደረስንበትን እነግርሃለሁ» የሚል ነበር። ከዚያም ወደ ወይዘሮዋ ዞራ፥ «እትዬ፥ ይኸ መልእክት ለፈተና የተፈጠረ ነው ወይስ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮዋ ዝም አሉ። መልእክቱን የወሰዱት ከራሳቸው ገጽ ላይ ነበረ፤ መልስ የሚሰጠው አጥቶ አሥራ አንድ ቀን ቆይቷል።

ሴትዮዋ ቪዲዮ ማቀናበር ስለማታውቅ ወይዘሮዋ አመነቱ። እኛ ግን ቪዲዮውን በቁጥር እየተከፈለው የሚሠራ ሰው እንደማይጠፋ ነገርናቸው፤ ውሉንም ያን ጊዜ መጻፍ ጀመርን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዓዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ተጻፈ። ቴሌግራሙ የተከፈተበት የስልክ ቁጥር በድርጅቱ ስም እንዲሆን አደረግን፤ ቁጥሩ የሠራተኛው የሆነ እንደ ሆነ ሠራተኛው በወጣ ቀን ገጹም አብሮት ይወጣል። በየጧቱ የድርጅቱን ስም ፈልጋ በስሙ የተከፈተ የሐሰት ገጽ እንዳለ እንድትመለከትም አስገባን፤ አታላዮች የኤጀንሲን ስምና ዓርማ እየሰረቁ በግል ሒሳብ ገንዘብ ያስገባሉና። የተመዝጋቢ ልጆችን ፎቶግራፍና ፓስፖርት መለጠፍ ተከለከለ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዓዋጅ ቁጥር 1321 ይኸን የመሰለውን ይጠብቃል። ስለ ሰዓቱ ሴትዮዋ ራስዋ አሳሰበችን፤ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ስልክ የሚይዙት የቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ፥ በሌሊት ነውና የማታ ሰዓት ተለይቶ እንዲከፈላት ተስማሙ።

ብዙ የተከራከርንበት አንድ ነገር ነው። ወይዘሮዋ «በምታመጣው ሰው ቁጥር ልክ ይከፈላት» አሉ። እኛም እንዲህ ከሆነ ገጽ ጠባቂ ሳይሆን ደላላ እንደሚቀጥሩ ተናግረን እምቢ አልን። ሁለት ቀን ተኳርፈን፥ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮዋ በቁርጥ ደመወዝ ፈረሙ።

ሴትዮዋ ሥራ በጀመረች ቀን መጀመሪያ ያነሣችው ያን የሪያድ መልእክት ነው። በዚያ አገር ያለው ወኪል ቤቱ ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ፥ የልጂቱ ስልክ በአሠሪዋ ተወስዶ ተቈልፎበት ተገኘ። ወንድሟም በዚያው ሳምንት ድምፅዋን ሰማ።