በ12 ቀን የተቀረጸ ሳቅ

«ዘ ቲን ማን» (ቀጭኑ ሰውዬ) የተባለው የሆሊውድ ፊልም በ12 ቀን ተቀርጾ አለቀ ይባላል። ተጋነነ የሚሉት ደግሞ ቁጥሩን እስከ 18 ያደርሱታል። እሺ፣ የእነሱ ይሁንና 18ን እንያዝ። ፊልሙ 91 ደቂቃ ነው፤ ለ18 ሲካፈል በየቀኑ አምስት ደቂቃ ያለቀለት ሥራ ይወጣል። 12ቱን ካመንን ሰባት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ዛሬ በትልልቅ ፊልሞች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከአንድ ቀን ቀረጻ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካገኙ ደኅና ዋልን ብለው ነው ወደ ቤታቸው የሚገቡት። ድምፅ ያለው ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያሳልፍ፣ 91 ደቂቃው ከ131 ሺህ ምስል በላይ ነው። ጥቅልሉ ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል።

ከቀረጻው በፊት የነበረው ሩጫ ደግሞ ይብሳል። ፊልሙ የተመሠረተበት የዳሺል ሃሜት የወንጀል ልብ ወለድ በመጽሐፍ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1934 ሲሆን፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በዚያው ዓመት በሜይ ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጁት ፍራንሲስ ጉድሪችና አልበርት ሃኬት ራሳቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። ዳይሬክተሩ ዉዲ ቫን ዳይክ ለታሪኩ ብዙም ግድ አልነበረውም። አጥብቆ የጠየቃቸው መርማሪው ኒክና ሚስቱ ኖራ የሚነጋገሩባቸውን አምስት ትዕይንቶች ነው። አልተሳሳተም። ፊልሙን አይቶ ገዳዩ ማን እንደነበር በወሩ የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይመስለኝም፤ ባልና ሚስቱን ግን ማን ይረሳቸዋል?

ቫን ዳይክ ሆሊውድ ውስጥ «ዋን ቴክ ዉዲ» ይባል ነበር፤ አንዴ ቀርጾ ያልፋል፣ አይደግምም። ዊልያም ፓውልንና ሚርና ሎይን «ማንሃታን ሜሎድራማ» በተባለ ሌላ ፊልም ላይ ሲያሠራቸው በካሜራው እረፍት ላይ እንኳ ሲቀላለዱ አይቶ ነው ለኒክና ለኖራ ያጫቸው። ያኛውም ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በዚያው በሜይ 1934 ነው። አንድ ዳይሬክተር፣ እነዚያው ሁለት ተዋንያን፣ በአንድ ወር ሁለት ፊልም! የኤም ጂ ኤም ፊልም ኩባንያ አለቃ ሉዊስ ሜየር ለሎይ «ዘ ቲን ማን»ን የፈቀደላት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ በሦስት ሳምንት ጨርሳ ወደሚቀጥለው ፊልሟ እንድትሄድ።

ጥድፊያው ማያ ገጹ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ኖራ መጀመሪያ የምትገባበትን ትዕይንት መመልከት ይበቃል። ሁለት እጇን የገና ስጦታ ሞልቶታል፣ የባልና ሚስቱ ውሻ አስታ ገመዱን ይጎትታል፣ እሷም በደረቷ ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። ቫን ዳይክ መውደቅ ትችይ እንደሆነ ብሎ ጠየቃት፣ አገጯ የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት አደረገበት፣ ልምምድ የሚባል ነገር ሳይኖር ካሜራው ተነሣ። አንድ ጊዜ ወደቀች፤ ያ ነው የምናየው። ፓውል መጠጥ ቤቱ ውስጥ የኮክቴል አናናጥ የሚያስተምርበት ትዕይንትም እንዲሁ ነው። ለመብራትና ለድምፅ ሙከራ ይመስለው ነበር፤ ካሜራው ግን እየቀረጸ ነበር።

እዚያው መጠጥ ቤት ሚስትየው ባሏን ስንት ጠጣህ ትለዋለች። ይሄ ስድስተኛው ማርቲኒ ነው ይላታል። እሷም አስተናጋጁን አምስት ተጨማሪ አምጥቶ እንዲደረድርላት ታዘዋለች። የአሜሪካ የአልኮል ክልከላ የተነሣው በዲሴምበር 5 ቀን 1933፣ ማለትም ፊልሙ ከመውጣቱ ስድስት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው ለምን እንደሳቀ ይገባኛል።

ቫን ዳይክ ያላፈጠነው አንድ ነገር ቢኖር የመጨረሻው የእራት ግብዣ ነው። ኒክ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ገዳዩን የሚያጋልጥበት ትዕይንት ስለሆነ የእያንዳንዱ ፊት ለየብቻ መቀረጽ ነበረበት። ሎይ በኋላ እንዳስታወሰችው፣ ለግብዣው የቀረበው ኦይስተር የተባለው የባሕር ምግብ አንዱ ሳህን እየተነሣ ደግሞ ይቀርብ ነበር። በዚያ በሚፋጅ መብራት ሥር ሲውል ሸተተ። እነዚያ ሁሉ ቄንጠኛ እንግዶች አፍንጫቸውን እንዳይዙ እየታገሉ ነው የተወኑት።

አስታ ሆኖ የሠራው ውሻ ስኪፒ ይባላል። ሎይን አንዴ ነክሷታል። ዝናው ሲገን በሳምንት 200 ዶላርና ከዚያም በላይ እንደሚከፈለው ተጽፏል፤ የአሠልጣኙ ደመወዝ 60 ነበር አሉ።

የፊልሙ ወጪ 226 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ገቢው 1.4 ሚሊዮን። ስድስት እጥፍ ማለት ነው! ለአራት የኦስካር ዘርፎች ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። ተከታታዮቹ ግን ከመጀመሪያው ጋር እስከ 1947 ድረስ ስድስት ሞሉ። ስሙም እንዳለ ቀጠለ፤ ቀጭኑ ሰውዬ በመጀመሪያው ታሪክ የጠፋው ሰው እንጂ መርማሪው እንዳልነበር ማንም ግድ አልሰጠውም። ሃሜት በ1937 የኒክን፣ የኖራንና የውሻውን መብት ጠቅልሎ በ40 ሺህ ዶላር ለኤም ጂ ኤም ሸጠ፤ ኩባንያው ከዚያ በኋላ አራት ፊልም ሠራበት። ሃሜት እስከሞተበት እስከ 1961 ድረስ፣ በ27 ዓመት ውስጥ፣ ሌላ አንድም ልብ ወለድ አላሳተመም።