ገደሉንም እናንብብ

አንባቢዎች ሆይ! ከሀ ሁ ጀምራችሁ እነሆ ጋዜጣ ለማንበብ በቅታችኋል። ዛሬ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ እንገልጣለን። የዚህ መጽሐፍ ገጾች ድንጋይ ናቸው። የሚገልጣቸውም ውሃ ነው። መጽሐፉ ገደል ይባላል።

ገደል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከብት የሚሰበርበትን ቦታ ነው። እውነት ነው፣ ገደል ያስፈራል። ነገር ግን ምንጩ ከየት እንደሚመነጭ፣ ደራሽ ውሃ ለምን ድንገት እንደሚመጣ፣ የማሳችን አፈር ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረን ገደሉ ነው። አካሄዱን ላወቀበት ሰው በእግር ወርዶ ማየቱም ደስ ይላል። ታዲያ እንዴት ይነበባል? ከትልቁ ገደል እንጀምር።

ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ወንዝ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከፊት ለፊት የአባይ በረሃ አፉን ከፍቶ ይታያል። ከማዶ ያለው ደጋ ደጀን ነው። በጠመዝማዛው የመኪና መንገድ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ጎሐ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ አለው። ታች ያለው ወንዝ ግን ከ1000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከአፋፉ እስከ ውሃው ያለው ቁልቁለት 1500 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ቀትር ላይ ቆላ ወርዶ ላብ በላብ ይሆናል።

እንግዲህ ቀስ እያልን እንውረድ። ገጾቹንም ከላይ ወደ ታች እንቁጠር።

አንደኛው ገጽ ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ከመሬት ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የፈሰሰ፣ ከዚያም በርዶ የጠነከረ ነው። ጊዜውም የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ደጋው ላይ የሚታረሰው መረሬ አፈር የዚህ ድንጋይ ልጅ ነው። ድንጋዩ በፀሐይና በዝናብ እየበሰበሰ አፈር ሆነ።

ሁለተኛው ገጽ አሸዋና ሸክላ ተደባልቀው የጠነከሩበት ነው።

ሦስተኛው ገጽ የኖራ ድንጋይ ነው። ነጣ ያለ፣ አንዳንድ ቦታም ወደ ቢጫ የሚያደላ ድንጋይ ነው። እንደ መሶብ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቧል። ጠቅላላ ውፍረቱ 400 ሜትር ያህል ይሆናል። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የዛጎልና የቀንድ አውጣ ቅርጽ ታገኙበታላችሁ። እንዴ! የባሕር እንስሳ በአባይ በረሃ ምን ይሠራል? ነገሩ እንዲህ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ ነበር። የባሕሩ እንስሳት ሲሞቱ ቅርፊታቸው ከጭቃው ጋር እየተከመረ፣ እየተጫነ፣ ድንጋይ ሆነ። ባሕሩም ሸሸ።

አራተኛው ገጽ ጀሶና ልል የሸክላ ድንጋይ ነው። ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን ጀሶው ከታች ቀረ። መምህራችሁ በሰሌዳ ላይ የሚጽፉበት ጠመኔ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከጀሶ ነው።

አምስተኛው ገጽ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ይህ ከአራቱም በዕድሜ ይበልጣል። ታች ወንዙ ዳር ይታያል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ የአባይ ድልድይም የሚገኘው እዚያው ታች ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠንካራው ገጽ ቀጥ ብሎ ግድግዳ ይሆናል። ልሉ ገጽ ግን ጋደል ብሎ ይተኛል። በገደሉ ወገብ ላይ የሚታረሰው ተዳፋት ብዙውን ጊዜ በልሉ ገጽ ላይ ያለው ነው። ልሉ ገጽ ውሃ ሲጠግብ ደግሞ ይንሸራተታል። በአባይ በረሃ ያለው መንገድ በየጊዜው በናዳና በመሬት መንሸራተት የሚጎዳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ውሃ ድንጋይ ይበላል ወይ?

አዎን፣ ይበላል። የኖራ ድንጋይን ደግሞ በሁለት መንገድ ይበላዋል።

አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ጎርፍ አሸዋና ጠጠር ይዞ ሲያልፍ ድንጋዩን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ሁለተኛው ለዓይን አይታይም። ዝናብ ሲወርድ ከአየር ውስጥ፣ በተለይም ሥር ካለበት አፈር ውስጥ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውሃው በትንሹ ኮምጠጥ ይላል። ኮምጣጣው ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የፀጉር ያህል የነበረው ስንጥቅ በብዙ ሺህ ዓመት ዋሻ ይሆናል።

ለማመን ከፈለጋችሁ ሞክሩት። ነጣ ያለውን ድንጋይ በቢላዋ ፋቁ። በዱቄቱ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉ። ትንንሽ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ አለበት። ጥቁሩን ድንጋይ ፍቃችሁ ብትሞክሩት ግን እንዲያ አያደርግም።

ይህ ሥራ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን ለማየት ወደ ባሌ እንሻገር። በዚያ የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ሸለቆ ሲወርድ ይመጣና ተራራው ሥር ይገባል። ከዚያም በሌላ በኩል ይወጣል። ቦታው የሶፍ ዑመር ዋሻ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን በሙስሊሞች ዘንድ የተከበረ ቦታ ነው። ውሃው የፈለፈላቸው መተላለፊያዎች ሲለኩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ሁሉ የሠራው ውሃ ነው።

ፏፏቴ ለምን ይሸሻል?

ወንዝ ከጠንካራ ድንጋይ ወደ ልል ድንጋይ ሲሻገር ልሉ ቶሎ ይበላል። ጠንካራው ደረጃ ሆኖ ይቀራል። ውሃውም ከደረጃው ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ ነው። የሚወረወረው ውሃ ከሥር ያለውን እየቦረቦረ ጉድጓድ ያወጣል። ከላይ ያለው ድንጋይ መሠረት ሲያጣ ተገምሶ ይወድቃል። ፏፏቴውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወደ ወንዙ ራስ ይሸሻል።

ፏፏቴ ያለው በኖራ ድንጋይ ላይ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ጢስ አባይ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ከጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ደብረ ሊባኖስ አጠገብም ሰው የፖርቱጋል ድልድይ የሚለው ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለ። በስሙ ቢታወቅም ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። ከሥሩ የሚያልፈው ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ወደ ጥልቁ ገደል ይወረወራል። በክረምት ያስገመግማል፤ በበጋ ግን ክር ያህል ይቀጥናል።

በኖራ ድንጋይ አገር ግን ፏፏቴ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። ድንጋይ ይሠራል! ውሃው ሲረጭ ያ ጋዝ ይበናል፤ ሟሙቶ የነበረው ኖራም በሙሽና በቅጠል ላይ ይጋገራል። ውሃ ዘወትር የምታፈሉበት ዕቃ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዝ የለ? ያው ነው።

ጥሩ የሚመስለው ምንጭ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። በኖራ ድንጋይ ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ዝናቡ ይዘንባል፤ ውሃው ግን በስንጥቁ ሰርጎ ይጠፋል። ከገደሉ ግርጌ፣ ልሉ የሸክላ ድንጋይ ሲያግደው፣ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ያም ምንጭ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ሰውም ከድንጋይ ሆድ የወጣ ውሃ ንጹሕ ነው ብሎ እጁን ዘርግቶ ይጠጣል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ! በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ያለፈ ውሃ ይጣራል። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅና ዋሻ የመጣ ውሃ ግን አይጣራም። እንደ ቧንቧ በፍጥነት ያልፋል። ከላይ በደጋው ውሃ በሚሰርግበት ጉድጓድ የሞተ ከብት ቢጣል፣ ወይም ሰው በዚያ ቢጸዳዳ፣ እዳሪው ከታች ምንጩ ላይ ይወጣል። የላይኛው መንደር የጣለውን የታችኛው መንደር ይጠጣዋል። መጀመሪያ የሚታመሙትም ሕፃናቱ ናቸው።

ስለዚህ፣

1. ውሃ በሚሰርግበት ጉድጓድ ጥንብም ሆነ ቆሻሻ አትጣሉ። ዙሪያውን እጠሩት።
2. መጸዳጃ ስትቆፍሩ ከዚህ ዓይነት ጉድጓድና ከምንጭ አርቁ።
3. የምንጩን ራስ እጠሩ። ከብት ከበታቹ ይጠጣ።
4. ውሃው ቢጠራም አፍልታችሁ ጠጡ። ከዝናብ በኋላ ከደፈረሰ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

አፈሩንም አንርሳ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ይዞ የሚዞረው ግን ግንድ ብቻ አይደለም። በክረምት ፏፏቴው ቀይና ቡናማ ሆኖ ሲወርድ የምታዩት ማሳ ነው። አንዴ ከአፋፉ የወረደ አፈር ተመልሶ አይወጣም። እርከን የሚሠራው፣ ዛፍ የሚተከለው፣ ቦረቦሩ በድንጋይ የሚታሰረው ውሃው አፋፉ ላይ ሳይደርስ ነው።

ገደል ስትወርዱ

ገደል በእግር ለመጎብኘት ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ ፏፏቴውም ገና አልቀጠነም። ከመነሣታችሁ በፊት የሚከተለውን አስታውሱ።

ብቻችሁን አትውረዱ። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ይምራችሁ። ስለ መንገዱ ደኅንነትም ጠይቁት። ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ንገሩ።

በማለዳ ተነሡ። ቁልቁለቱ ያታልላል፤ ድካሙ ያለው በአቀበቱ ነው። ስለዚህ ለመውጫው ሰፊ ጊዜ አስቀሩ። የፈላ ውሃ ከቤታችሁ ያዙ። ቆላው ያጠማል።

ከፏፏቴ ከንፈር ላይ አትቁሙ። ሙሽ ያለበት ድንጋይ ያንሸራትታል። ከሥሩም አትረፉ። ድንጋይ መቼ እንደሚገመስ አይታወቅም።

ከሁሉ በላይ ደራሽ ውሃን ፍሩ። እናንተ ባላችሁበት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከላይ በደጋው ግን ሊዘንብ ይችላል። ገደሉ ጠባብ ስለሆነ ውሃው መሄጃ አጥቶ በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ፣ ከላይ የሚያስገመግም ድምፅ ከሰማችሁ አትጠብቁ። ዕቃችሁንም ለማንሣት አትመለሱ። ወዲያው ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ውጡ። ጎርፉ እስኪያልፍም ወንዝ አትሻገሩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ጉልበት የደረሰ የመሰለው ውሃ ጠንካራውን ሰው ይጥላል። ደመና ባለበት ቀን ደግሞ ወደ ጠባብ ገደልም ሆነ ወንዝ ወደሚያልፍበት ዋሻ አትግቡ።

ዛጎል ያለበትን ድንጋይ አትስበሩ። ገጽ የተቀደደበትን መጽሐፍ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊያነበው አይችልም።

አንብባችሁ ተወያዩበት

አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ያዳምጥ። ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተነጋገሩ።

1. በአካባቢያችሁ ያለው ገደል ስንት ገጽ አለው? የትኛው ግድግዳ ሆኖ ቆሟል? የትኛውስ ተኝቷል?
2. የምትጠጡት ምንጭ ከየትኛው ገጽ ሥር ይወጣል? ከበላዩ ምን አለ? ማን ይኖራል?
3. በደጋው ውሃ የሚሰርግበት ጉድጓድ አለ ወይ? በውስጡ ምን ይጣላል?
4. ባለፈው ክረምት ከአፋፉ የወረደው ውሃ ምን ዓይነት መልክ ነበረው? ያ አፈር የማን ማሳ ነበር?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ከላይኛውና ከታችኛው መንደር ሰዎች ጋር አንድ ላይ ተቀምጣችሁ መልሱ።