ውሃው ማኪያቶ ሲመስል

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የራዲያተር ውሃ ማየት የረዳቱ ሥራ ነው። አንዳንድ ጠዋት ታዲያ ክዳኑን ሲከፍት ያልጠበቀው ነገር ያገኛል፤ ውሃው ላይ ወፈር ያለ፣ ማኪያቶ የሚመስል፣ ጣት ሲነካው የሚያሙለጨልጭ ነገር ተኝቷል። ማታ አልነበረም ብሎ ይምላል። እውነቱን ነው። ቀን ሞተሩ ሲያናውጠው ከውሃው ጋር ተደባልቆ የዋለው ዘይት ሌሊት ረግቶ ላይ ወጥቷል። ሾፌሩ ለባለንብረቱ ይደውላል፣ ባለንብረቱ መካኒክ ይጠይቃል፣ መካኒኩም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ይመልሳል፤ ኩለር።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ኩለሩ ይቀየራል። ከሱቅ ሁለት ሦስት ፓኬት ኦሞ ተገዝቶ ራዲያተሩ ውስጥ ይደፋል። ሞተሩ ተነስቶ አረፋው በአፉ ይገነፍላል፣ በጎማ ውሃ ይለቀቅበታል፣ መኪናው ለጭነት ይወጣል። ብዙ ሳይቆይ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ፣ ከአፋር ቆላ ወደ አዳማ ዳገት ሲያቀና፣ የሙቀት መለኪያው ቀይ ይነካል። ያኔ አዲሱ ኩለር ይወቀሳል፣ ዕቃውን የሸጠው ነጋዴም ይረገማል። ጥፋቱ ግን ከውስጥ ያልወጣው ዘይት ነው። ኩለሩን መቀየር የሥራው ትንሹ ክፍል ነበር።

ኦይል ኩለር የሚባለውን ዕቃ ብዙ ሾፌር በስሙ እንጂ በመልኩ አያውቀውም፤ ተደብቆ ነውና የሚኖረው። በመንገዳችን ላይ በብዛት የሚታየውን የሲኖትራክ ሆዎ 371 እንውሰድ። ሞተሩ ደብሊውዲ 615 ይባላል፤ ዘሩ ከኦስትሪያው ሽታየር የሚመዘዝ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 9.7 ሊትር ሞተር ነው። ኩለሩ የተቀመጠው በብሎኩ ጎን፣ በሽፋን ታሽጎ፣ ውሃው በሚያልፍበት ጓዳ ውስጥ ነው። ስስ የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው በብየዳ ተጣብቀዋል። በሰሌዳዎቹ ውስጥ የጋለው ዘይት ይሄዳል፣ በውጭ በኩል ውሃው ያጥባቸዋል። ሁለቱን የሚለያያቸው ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው ወፍራም ቢሆን ሙቀት በቀላሉ አይሻገርም ነበር፤ ስለዚህ ስስነቱ ጥቅሙም አደጋውም ነው።

ግድግዳው ሲሰነጠቅ ማን ወደ ማን እንደሚሻገር የሚወስነው ግፊት ነው። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ባር ይደርሳል፤ የውሃው ግን ክዳኑ ከሚፈቅደው ከ1 ባር ገደማ አይበልጥም። ስለዚህ መኪናው እየሄደ ዘይት ወደ ውሃ ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ ነገሩ ይገለበጣል። የዘይቱ ግፊት ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ የጋለው ውሃ ግን ገና ታፍኖ እየገፋ ነውና በዚያችው ቀዳዳ ወደ ዘይቱ ሊመለስ ይችላል። ራዲያተሩን ብቻ አጥቦ የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ ሳይቀይር የሚወጣ ሰው ብሮንዚኑን (የክራንኩን ተሸካሚ) ለውሃ አሳልፎ ሰጥቷል። በውሃው ውስጥ ኩላንት ካለ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ይህ ስስ ግድግዳ ለምን ይበሰብሳል? እዚህ ላይ አንድ ስም በብዙ ባለንብረት ላይ ጉዳት አድርሷል ብዬ አምናለሁ፤ «አንቲፍሪዝ» የሚለው የኩላንት ስም። በረዶ መከላከያ ማለት ስለሆነ፣ በረዶ የማይጥልበት አገር ምን ያደርግልናል ተብሎ የቧንቧ ውሃ፣ ሲብስም የወንዝ ውሃ ይሞላል። ፈሳሹ ግን ከመርጋት ማዳኑ አንዱ ሥራው ብቻ ነው። ለእኛ ዋናው በውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ነው። ያለ እሱ ውሃው ብረቱን ይበላል፣ ጨውና ኖራ በሰሌዳዎቹ መካከል ይጋገራል፣ ውሃ በሚነካው ካሚቻ (የሲሊንደር ሽፋን) ዙሪያ የሚፈነዱ ጥቃቅን አረፋዎችም ብረቱን እየፈለፈሉ ይበሱታል። መከላከያው ራሱ በጊዜ ብዛት ያልቃል፤ አንዴ ተሞልቶ የሚረሳ አይደለም። ኩለር የሚሞትበት መንገድ ብዙ ቢሆንም፣ እኛ አገር የተለመደው በተራ ውሃ ቀስ ብሎ መበላት ነው።

ከማጠብ በፊት ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ በእርግጥ ማወቅ ያስፈልጋል። የተቃጠለ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታም ዘይት ወደ ውሃ ሊያሻግር ይችላል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ የጭስ ጋዝ ውሃው ውስጥ ይንተከተካል። ውሃው ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ነገሩ የኢንጀክተር ቤት ሊሆን ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም ሪታርደር (ረዳት ፍሬን) ያላቸው መኪኖች ደግሞ ሌላ የራሳቸው ኩለር አላቸው፤ የሞተሩ ዘይት ሳይጎድል ራዲያተሩ ዘይት ካጠራቀመ ወደዚያ መዞር ነው። የተጠረጠረው ኩለር ወጥቶ፣ አንዱ አፉ ተደፍኖ፣ በሌላው አየር እየተሞላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሙቅ ያልኩት በምክንያት ነው። ቀዝቃዛ ብረት ተሰብስቦ የሚደብቀውን ስንጥቅ ሙቀት ይከፍተዋል።

አሁን ወደ እጥበቱ።

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ገና ማፍሰሻው ሲከፈት ነው። ዘይት ከውሃ ይቀላልና ላይ ይንሳፈፋል። የታችኛው ማኒኮቶ (የውሃው ጎማ ቱቦ) ሲፈታ ውሃው ቀድሞ ይሄዳል፣ ዘይቱ ደግሞ ከላይ እየወረደ እግረ መንገዱን የራዲያተሩን ቱቦዎች፣ የብሎኩን ጓዳዎችና የማኒኮቶዎቹን ሆድ ሁሉ ይቀባል። ከማፍሰስ በፊት በላይ ማስወጣት ይሻላል። መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ላይ ይሰበሰባል፤ ጠዋት በጨርቅና በጭልፋ የሚነሳው ይነሳል፣ ከዚያ በታች በኩል ውሃ ቀስ ብሎ እየተሞላ ዘይቱ በአፉ እንዲፈስ ይደረጋል። እናቶቻችን የወጥ ቅባት ሲገፍፉ ድስቱን አይገለብጡም። ይህ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ የሚያድነው የእጥበት ዙር ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ሳሙናው ነው። ውሃ ብቻውን ዘይት አያነሳም። የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት፤ አንደኛው ዘይት ይይዛል፣ ሌላኛው ውሃ ይወዳል፣ በመሆኑም ዘይቱን በጥቃቅኑ ከፋፍላ ውሃው ላይ ታሳፍረዋለች። እስከዚህ ኦሞም ይህንኑ ያደርጋል። ችግሩ አረፋው ነው። አረፋ አየር ነው፣ አየር ሙቀት አይሸከምም። የውሃ ፓምፑ አረፋ ሲውጥ መግፋት ያቅተዋል፣ ሞተሩም እየታጠበ ሳለ ይግላል። ስለዚህ የሚፈለገው አረፋ የማያወጣ ማጠቢያ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚገባው ዱቄት፣ ክሎሪን የሌለበት ከሆነ፣ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ሟሙቶ ያገለግላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራም አለ። ካሚንስ ለሞተሮቹ የሚመክረው ሪስቶር የተባለ የፍሊትጋርድ ማጠቢያ መጠኑ ለ38 እስከ 57 ሊትር ውሃ 3.8 ሊትር ነው፤ ሞተሩ ከ85 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሠራል፣ ከዚያ ፈስሶ በንጹህ ውሃ ይታጠባል።

በየጋራዡ የሚታዩ ሁለት አቋራጮች አሉ፤ ሁለቱንም አጥብቄ እቃወማለሁ። አንዱ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ማስገባት ነው። ዘይቱን ያቀልጣል እውነት ነው፣ ግን ጎማውንና መዝጊያውን ሁሉ ይጎዳል፣ በጋለ ሞተር አጠገብም እሳት መጥራት ነው። ሌላው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ኮስቲክ አልሙኒየም ይበላል፤ የዛሬ ራዲያተሮች ሆዳቸው አብዛኛው አልሙኒየም ነው። ዘይቱን አስወጥቶ ራዲያተሩን የሚያሳጣ መድኃኒት ነው።

ማጠቢያው ገብቶ ሞተሩ ሲነሳ ዘይት የሚደበቅባቸው ሁለት ቦታዎች ይታሰቡ። አንዱ ከቴርሞስታቱ ጀርባ ነው። ቴርሞስታት ውሃው 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ይዘጋል። ባዶ ቆሞ በዝግታ የሚዞር ናፍጣ ሞተር ደግሞ ያን ሙቀት ለማግኘት ይቸገራል፤ ሰዓት ሙሉ ቢዞር ራዲያተሩ ሳይታጠብ ሊቀር ይችላል። የራዲያተሩን ፊት በካርቶን ጋርዶ፣ ዙረቱን ከፍ አድርጎ፣ መለኪያውን እያዩ ማጋል ነው መላው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። በብዙ ከባድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋውም እሱ ራሱ ነው፤ ሲወጣ ውሃው በአቋራጩ እየዞረ ራዲያተሩን ይረሳዋል።

ሌላው መደበቂያ የጋቢናው ማሞቂያ ነው። በሎጊያና በሚሌ መንገድ ማሞቂያ የሚከፍት ሾፌር የለም፤ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ይኖራል። ዘይት ግን አንዴ ገብቶበት ከሆነ እዚያ ተኝቶ ይቆያል፣ ሁሉ ነገር ታጥቦ ካለቀ በኋላ ቀስ እያለ ይወጣል። በእጥበቱ ጊዜ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ጋቢናው ውስጥ ያለው ሰው ቢያልበውም፣ መዋል አለበት።

አዲስ አበባ ላይ ለሚያጥብ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ለሚያጥብ መካኒክ ማጠቢያው በደንብ ከሚሠራበት ሙቀት እስከ መፍላት ድረስ ያለው ርቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ግፊት ሲይዝ ግን የመፍያው ልክ ከ110 በላይ ይወጣል። ስለዚህ ሲጋል ክዳኑ ይዘጋ፤ ሞተሩ በርዶ እጅ እስኪያስችል ድረስም አይከፈት። በታፈነ የራዲያተር ውሃ ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠለ ረዳቶች ጥቂት አይደሉም።

አንድ ዙር ፈጽሞ አይበቃም። ሦስትም አራትም፣ ዘይቱ ብዙ ከሆነ ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። መቼ ማቆም እንዳለበት የሚናገረው የመካኒኩ ድካም ሳይሆን ጠርሙስ ነው። በመጨረሻው የንጹህ ውሃ ዙር ከሚፈሰው ጥቂቱ በብርጭቆ ጠርሙስ ተይዞ ይደር። ጠዋት አንገቱ ላይ ቀለበት የሠራ ቅባት ከታየ ሌላ ዙር አለ። ዘይት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከውሃው አንድ አራተኛ ገደማ ነውና፣ በራዲያተሩ ቱቦ ውስጥ የቀረች ስስ ሽፋን እንኳ ብርድ ልብስ ናት። ከብዙ ዙር በኋላም ካልጠራ ራዲያተሩ ወርዶ ለብቻው፣ ውሃው ከሚሄድበት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ መታጠብ አለበት።

የሚፈሰውስ የት ይሂድ? ይህን ለመጠየቅ የሚቸኩል ሰው አለ ብዬ አልገምትም፣ እኔ ግን ሳልጠይቅ አላልፍም። በአብዛኞቹ ኩላንቶች ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ከብት ሊልሱት ይችላሉ። ከቃሊቲና ከአቃቂ ጋራዦች ወደ ቦይ የሚለቀቀው መድረሻው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ በዚያ ወንዝ ውሃ ደግሞ ሰላጣና ጎመን ይለማል። ቢያንስ የመጀመሪያው፣ ዘይት የበዛበት ፍሳሽ በበርሜል ተይዞ ከተቃጠለ ዘይት ጋር መቀመጥ ይችላል።

ከእጥበቱ በኋላ የሚቀየረው ጎማ ሁሉ ነው። የውሃ ማኒኮቶዎች በብዛት የሚሠሩበት ጎማ ውሃና ሙቀት ይችላል እንጂ የማዕድን ዘይት አይችልም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሲጨምቁት እንደ ሊጥ ይሆናል። ዳገት ላይ ግፊት ሲመጣ የሚፈነዳው ያ ነው። የራዲያተር ክዳኑ ጎማ፣ የቴርሞስታቱ መዝጊያና ቴርሞስታቱም አብረው ይቀየሩ፤ የውሃ ፓምፑም ማንጠባጠብ መጀመር አለመጀመሩ ይታይ። ብዙ ሰው አዲስ ማኒኮቶ የሚገጥመው ከእጥበቱ በፊት ነው። ይህ ከሶማሌ ተራ በውድ የመጣው ዕቃ በቆሻሻው ዘይት እንዲነከር ማድረግ ነው። አሮጌው ቆሻሻውን ይጨርስ፣ አዲሱ በመጨረሻ ይግባ።

ሲሞላ በኩላንት ይሞላ፤ ወፍራሙ ከሆነ በተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ። በቀለም መምረጥ አይቻልም፤ ቀለም በአምራቾች መካከል ስምምነት የለውም፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ የሆኑ ሁለት ፈሳሾች ተገናኝተው ሊረጉ ይችላሉ። አየሩ በደንብ ይውጣ፣ የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር፣ ማሞቂያው እንደገና ይከፈት።

በመጀመሪያው ጉዞ ሾፌሩ የውሃ መጠባበቂያውን በየማረፊያው፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ ቢያይ ጥሩ ነው። ጎኑ ላይ ቀጭን የቅባት ክር ቢያገኝ አይደንግጥ፤ ከማሞቂያው ወይም ከአንድ ጥግ የተረፈ ሊሆን ይችላል። በጨርቅ ይጥረገው፣ የዘይቱን መለኪያ አይቶ ልኩን ይመዝግብ። ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ክሩ ካልወፈረና ዘይቱ ካልጎደለ እጥበቱ ይዟል። ክሩ ወደ ማኪያቶነት ከተመለሰ ግን ሳሙና አይግዛ፤ ዘይቱ የመጣው ከኩለሩ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ቴስታታው ይፈተሽ።